ሁለት ጊዜ ተሸንፎ የሚሄደው ተጫዋች፦ ፉክክርና ማኅበረሰብ በፍልሚያ ጌም የአካባቢ ውድድሮች

የፍልሚያ ቪዲዮ ጌም፣ በተለምዶ አጠራሩ የድብድብ ጌም፣ ሁለት ሰዎች አንድ ለአንድ የሚገጥሙበት ጨዋታ ነው። በእግር ኳስ ጌም በአቻ ውጤት መለያየት አለ፤ በቡድን ጌሞች ደግሞ ጥፋቱን የሚጋራ ጓደኛ አይጠፋም። በፍልሚያ ጌም ግን ሁለቱም የሉም ማለት ይቻላል። አንድ ፍልሚያ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል፤ ሲጠናቀቅም ማን እንደተሻለ ቆሞ ለሚያየው ሁሉ ግልጽ ነው። እንዲህ ባለ ምሕረት የለሽ ፉክክር ላይ የተመሠረተ ስብስብ ለዓመታት የሚዘልቅ ማኅበረሰብ ሊሆን የሚችለው እንዴት ነው? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ከውድድር ሥርዓቱ፣ ከገንዘቡና ከዕውቀት ቅብብሎሹ አንጻር ይመረምራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

መነሻ የሚሆነን አንድ ቀላል ስሌት ነው። በዘርፉ የተለመደው የውድድር ሥርዓት ተወዳዳሪውን የሚያሰናብተው አንድ ጊዜ ሲሸነፍ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ሲሸነፍ ነው። ከተራው ጥሎ ማለፍ የሚለየውም በዚህ ነው። 32 ሰዎች ተመዝግበው ቢሆን በመጀመሪያው ዙር 16ቱ ይሸነፋሉ። እነዚህ 16 ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲገጥሙ 8ቱ በድጋሚ ተሸንፈው ይሰናበታሉ። ተወዳዳሪዎቹ 64 ከሆኑ ቁጥሩ 16 ይሆናል። በሌላ አነጋገር ከአራት ሰዎች አንዱ አንድም ግጥሚያ ሳያሸንፍ ወደ ቤቱ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ከተወዳዳሪዎቹ ችሎታ ጋር የሚያያዝ ጉዳይ አይደለም፤ 32ቱም የዓለም ሻምፒዮኖች ቢሆኑ ስምንቱ ምንም ሳያሸንፉ መሄዳቸው አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የአንድን አካባቢ የፍልሚያ ጌም ማኅበረሰብ ዕድሜ የሚወስኑት እነዚህ ስምንት ሰዎች ናቸው የሚል ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከተመለሱ ማኅበረሰቡ ይቀጥላል፤ ካልተመለሱ ደግሞ ሌሎች ስምንት ሰዎች በእነሱ ቦታ ይተካሉ፤ ቁጥሩም እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ሻምፒዮኑ ራሱ የሚገጥመው ያጣል።

ሳንቲምና ተራ

ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ ስትሪት ፋይተር 2 የተሰኘውን ጌም ለሕዝብ ያቀረበው በ1991 ሲሆን፣ ጌሙ በሳንቲም የሚሠራ፣ ቆመው የሚጫወቱበት ማሽን ነበር። ማሽኑ ለሁለት ሰው የሚሆኑ ጆይስቲኮችና አዝራሮች ነበሩት። አንድ ሰው ብቻውን ከኮምፒውተሩ ጋር እየተጫወተ ሳለ ሌላው ሳንቲም ከትቶ ሊገጥመው ይችላል። ያሸነፈ ይቀጥላል፤ የተሸነፈ ቦታውን ይለቃል፤ ለመመለስም እንደገና መክፈል አለበት። በአሜሪካ የጌም ቤቶች ተረኛው 25 ሳንቲሙን በስክሪኑ ግርጌ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ተራውን ያስይዝ ነበር። የተደረደሩት ሳንቲሞች ወረፋው ራሱ ነበሩ። ተጋጣሚዎቹ ትከሻ ለትከሻ ስለሚቆሙ ያሸነፈውም የተሸነፈውም የሌላውን ትንፋሽ ይሰማል። በጃፓን በተለመደው አሠራር ግን ሁለት ማሽኖች ጀርባ ለጀርባ ይገጠሙና ተጋጣሚዎቹ ተቀምጠው፣ ሳይተያዩ ይፋለማሉ።

ደንቡ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። በጆተኒ ጠረጴዛ ዙሪያ ወይም በፑል ቤት ያደገ ሰው "የተሸነፈ ይከፍላል" የሚለውን ሕግ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ሕጉ ሲታይ ቀላል ይምሰል እንጂ የሚያስከትለው የኢኮኖሚ ውጤት ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። የጨዋታው ዋጋ ከችሎታ ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛል፤ ጎበዙ በአንድ ሳንቲም ግማሽ ቀን ሲውል ጀማሪው በሩብ ሰዓት ኪሱ ይራገፋል። ለቤቱ ባለቤት የሚገባው ገንዘብ በሙሉ ማለት ይቻላል ከተሸናፊዎች የሚመጣ ነው። ሻምፒዮን ተጋጣሚ እስካለው ድረስ ለቤቱ ሲሳይ ነው፤ ተጋጣሚ ሲያጣ ግን ማሽን ይዞ የቆመ ሰው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ባለቤቱ፣ ስለ ማኅበረሰብ ምንም ባያስብ እንኳ፣ ተሸናፊው ተመልሶ እንዲመጣ የሚፈልግበት ጥቅም ነበረው። ይህ ጥቅም የጌም ቤቶቹ ሲዘጉ አብሮ ጠፋ፤ የኋለኞቹ አዘጋጆች ችግርም በአብዛኛው ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል።

ከጌም ቤት ወደ ተከራየ አዳራሽ

ዛሬ ኢቮ በመባል የሚታወቀው የዘርፉ ትልቁ ውድድር የጀመረው በ1996 በካሊፎርኒያ፣ ሳኒቬል በተባለች ከተማ በሚገኝ የጌም ቤት ውስጥ ሲሆን፣ የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር 40 ብቻ ነበር። አሁን የሚታወቅበትን ስያሜ ያገኘው በ2002 ነው። በ2004 አዘጋጆቹ የሳንቲም ማሽኖችን ትተው ውድድሩን በሙሉ ወደ ቤት ኮንሶል አዞሩት፤ በቀጣዩ ዓመትም ወደ ላስ ቬጋስ ተሻገረ። የ2004ቱ ውሳኔ በጊዜው ሲያከራክር የነበረ ቢሆንም ከአካባቢ ውድድር አንጻር ሲታይ ወሳኝ ነበር። ማሽን የባለቤቱ ንብረት ነው፤ ከቦታው አይነቃነቅም። ኮንሶልን ግን ማንም በቦርሳው ይዞት ይመጣል። ውድድር ለማዘጋጀት ጠረጴዛ፣ ቴሌቪዥን፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያና ፈቃደኛ ሰዎች በቂ ሆኑ። በዚያው ልክ ቀድሞ የባለቤቱ የነበረው ሸክም፣ ከኪራይ እስከ ጸጥታ ማስከበር፣ በተጫዋቾቹ ትከሻ ላይ ወደቀ።

በኒው ዮርክ፣ በሞት ጎዳና ላይ የነበረው ቻይናታውን ፌር የቦታና የማኅበረሰብን ግንኙነት በሚገባ ያሳያል። ጀስቲን ዎንግን የመሰሉ ስመ ጥር ተጫዋቾች የወጡበት ይህ ጠባብ የጌም ቤት በ2011 ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት በአዲስ አስተዳደር ሲከፈት የቤተሰብ መዝናኛ ሆኖ ነበር። ተጫዋቾቹ ግን በዚያው በ2011 በብሩክሊን የተከፈተውንና ኔክስት ሌቭል የተባለውን ቤት አዲሱ መናኸሪያቸው አድርገውት ነበር። ሬይ ኦልደንበርግ በ1989 ባሳተመው ሥራው ከመኖሪያና ከሥራ ቦታ ውጭ ሰዎች ያለ ጥሪ የሚገናኙባቸውን ስፍራዎች "ሦስተኛ ቦታ" ብሎ ሰይሟቸዋል። የቻይናታውን ፌር ታሪክ በዚህ ሐሳብ ላይ አንድ ማረሚያ የሚጨምር ይመስለኛል፤ ቤቱ በስሙና በአድራሻው ቢመለስም ሰዎቹን ይዟቸው የቆየው የተራው ሥርዓትና የሚገጥሟቸው ሰዎች ስለነበሩ እነዚያን ተከትለው ወንዝ ተሻገሩ።

አዘጋጅነት ምን ያህል ድካም እንዳለው ለመረዳት ወደ 32ቱ ሰዎች እንመለስ። ሻምፒዮኑ ተለይቶ እንዲወጣ 31 ሰዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ መሸነፍ አለባቸው፤ ስለዚህ ቢያንስ 62 ግጥሚያዎች ይካሄዳሉ። አንድ ግጥሚያ ስድስት ደቂቃ ቢወስድና አራት ስክሪኖች ያለ ዕረፍት ቢሠሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በተግባር ግን ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል፤ የሚጠራ ሰው ምግብ ሊገዛ ወጥቷል፣ አንዱ ጆይስቲክ አልሠራም ይላል፣ የመጨረሻዎቹ ዙሮች ደግሞ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ሊጀመር አይችልም። ይህ ሁሉ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ 40 ደቂቃዎች የተሰናበቱት ስምንት ሰዎች ምን እየሠሩ ነው? ስክሪኖቹ በሙሉ ለውድድሩ ተይዘው ከሆነ ከመመልከት በቀር የሚያደርጉት ነገር የላቸውም። አብዛኞቹም ጃኬታቸውን አንሥተው ይወጣሉ። አምስት ስክሪን ያለው አዘጋጅ አምስተኛውን ለውድድሩ ማፋጠኛ ከሚያውለው ለተሰናባቾች ነጻ ጨዋታ ቢተወው ውድድሩ ምናልባት ሃያ ደቂቃ ይዘገያል፤ የተሸነፉት ሰዎች ግን ከክፍሉ አይወጡም። በእኔ እምነት በአካባቢ ውድድር ዝግጅት ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ውሳኔ የለም።

ሌላው አማራጭ በምድብ መጀመር ነው። 32ቱ ሰዎች በስምንት ምድብ አራት አራት ሆነው ቢመደቡና ከየምድቡ ሁለት ሁለት ሰው ቢያልፍ በምድብ ደረጃ 48፣ ቀጥሎ ባለው የ16 ሰዎች ፍልሚያ ቢያንስ 30፣ በድምሩ 78 ግጥሚያዎች ይሆናሉ። በ16 ተጨማሪ ግጥሚያ ማንም ሰው ሦስት ጊዜ ሳይጫወት የማይሄድበት ውድድር ይገኛል።

ገንዘቡ ለማን ይደርሳል

በአነስተኛ ውድድሮች ዘንድ የተለመደው የሽልማት ክፍፍል ለአንደኛ 70፣ ለሁለተኛ 20፣ ለሦስተኛ 10 በመቶ የሚሰጥ ነው። 32 ሰዎች መቶ መቶ ብር ቢያዋጡ አንደኛው 2,240፣ ሁለተኛው 640፣ ሦስተኛው 320 ብር ይወስዳሉ። ሃያ ዘጠኙ ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። ነገሩ ላይ ላዩን እቁብ ይመስላል፤ ሁሉም እኩል ይጥላል፣ አንዱ ይወስዳል። በእቁብ ግን ዕጣው ዞሮ ዞሮ ለሁሉም ይደርሳል፤ የዛሬው ሰጪ የነገ ተቀባይ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ማንም አይከፋም። እዚህ ግን ዕጣ የሚያወጣው ችሎታ በመሆኑ በየሳምንቱ የሚደርሰው ለዚያው ሰው ነው። አሥር ሳምንት በተከታታይ የተሸነፈ ሰው 1,000 ብር አውጥቷል፤ ያ ገንዘብ ለውድድሩ ማድመቂያ እንጂ ለእሱ ተራ የተጠራቀመ አይደለም።

ይህን ያስተዋሉ አዘጋጆች የቦታ ክፍያን ከሽልማት መዋጮ ይለያሉ። ገብቶ በነጻ ስክሪን መጫወት የሚፈልግ ሰው የቦታውን ብቻ ይከፍላል፤ መወዳደር የፈለገ ይጨምራል። አንዳንዶቹም ለጀማሪዎች ብቻ የተለየ ውድድር ያዘጋጃሉ። የመጀመሪያውን እደግፋለሁ። ስለ ሁለተኛው ጥርጣሬ አለኝ፤ ጀማሪውን ከጎበዙ መለየት የሽንፈትን ምሬት ቢያበርድም፣ ቀጥሎ እንደምናየው፣ ወደ ቦታው ያመጣውን ዋና ጥቅም አብሮ ሊያሳጣው ይችላል።

ከተሸነፉ በኋላ ያለው ወሬ

በበይነመረብ የሚካሄዱ ጨዋታዎች ለተጫዋቹ በችሎታ የሚመጥነውን ተጋጣሚ እየፈለጉ ያቀርቡለታል። ሥርዓቱ በሚገባ ከሠራ ማንኛውም ሰው ከሚጫወተው ግማሽ ያህሉን ያሸንፋል። ይህ ምቹ ነው። በአካባቢ ውድድር ግን ጀማሪው ከሠፈሩ አንደኛ ጋር ተገናኝቶ ሃያ ጊዜ በተከታታይ ሊሸነፍ ይችላል። ልዩነቱ ያለው ከሃያ አንደኛው በፊት ነው፤ ያሸነፈው ሰው እዚያው አጠገቡ ተቀምጧል። "ያንን ምት ስትከላከል ለምን ዝም ትላለህ? የመምቻው ተራ እኮ ያንተ ነው" ሊለው ይችላል። በስክሪን ማዶ ያለ ስም አልባ ተጋጣሚ ግን ይህን አይልም፤ ጨዋታው እንዳለቀ ይጠፋል።

ጂን ሌቭና ኤቲየን ቬንገር፣ ስትሪት ፋይተር 2 በወጣበት በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ መማር ማለት በአንድ ሙያ ማኅበረሰብ ውስጥ ከዳር ተነሥቶ ወደ መሃል መግባት እንደሆነ ይከራከራሉ። ከምሳሌዎቻቸው አንዱ የላይቤሪያ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ተለማማጁ የሚጀምረው ልብሱ ከተሰፋ በኋላ ከሚሠራው፣ ከአዝራር መትከልና ከጠርዝ ማጠፍ ነው፤ ጨርቅ መቁረጥ የሚፈቀድለት በመጨረሻ ነው፤ ምክንያቱም በመቁረጥ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ውድ ነው። የፍልሚያ ጌም ማኅበረሰብም እንዲህ ያለ ዳር አለው፤ ቆሞ መመልከት፣ ውጤት መመዝገብ፣ ተረኛ መጥራት፣ ለቀረጻው ማይክሮፎን ይዞ ፍልሚያውን መተረክ። አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ በእነዚህ ተግባራት የታወቀ ሰው የማኅበረሰቡ አባል ነው። ነገር ግን ዳሩ ዳር የሚሆነው መሃሉ ሲታይ ነውና፣ ጀማሪዎችን ለብቻቸው በሌላ ክፍል ማስቀመጥ የሚያሳስበኝ በዚህ ምክንያት ነው።

የላሆር ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አርስላን አሽ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው ፓኪስታናዊ አርስላን ሲዲቅ በፌብሩዋሪ 2019 በፉኩኦካ የተካሄደውን የኢቮ ጃፓን የቴከን 7 ውድድር ባሸነፈ ጊዜ ለአብዛኛው ተመልካች እንግዳ ሰው ነበር። ወደ ጃፓን የደረሰውም በቪዛና በጉዞ መሰናክሎች ብዙ ከተንገላታ በኋላ ነው። ካሸነፈ በኋላ አገሩ ውስጥ እሱን የሚስተካከሉ ሌሎች ተጫዋቾች እንዳሉ ተናገረ። በኦገስት የላስ ቬጋሱንም ውድድር ደገመው፤ በፍጻሜው የገጠመው ኒ በሚል ስም የሚታወቀውን የደቡብ ኮሪያ አንጋፋ ነበር። ኒ ራሱ በዚያው ዓመት ከአገሬው ተጫዋቾች ጋር ለመጋጠም ወደ ፓኪስታን ተጓዘ። የአርስላን ንግግር ጉራ አለመሆኑ በኋላም ታየ፤ የ2022 የቴከን ዓለም ዙር ፍጻሜን ያሸነፈው ሌላው ፓኪስታናዊ አቲፍ ቡት ነው።

ከዓለም አቀፍ ውድድሮች በቪዛና በገንዘብ ተለይቶ የኖረ ሠፈር ይህን እንዴት አፈራ? በፓኪስታን የጌም ቤቶች ባህል ሌላው ዓለም ከተዋቸው በኋላም ቀጥሏል። ትከሻ ለትከሻ የመጫወት ልማድ፣ ዘ ኪንግ ኦፍ ፋይተርስን በመሰሉ የቆዩ ጌሞች የተካኑ እጆች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘወትር የሚገናኙ ጥቂት ጠንካራ ሰዎች ነበሩ። እንደ እኔ ግምት መገለሉ ራሱ ድርሻ ነበረው፤ ሌላ ተጋጣሚ ስለሌለ እርስ በርስ ተሞረዱ። ይሁንና መገለልን ማሞገስ አይገባም። ቪዛ ተከልክለው ቤት የቀሩት ጎበዞች ስማቸውን አናውቀውም።

ርቀት በፍሬም ሲለካ

የአካባቢ ውድድርን አስፈላጊነት እንደ ትዝታ ብቻ የሚያዩ አሉ፤ በበይነመረብ ዘመን መሰባሰብ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሙግት ነው። መልሱ በከፊል ከፊዚክስ የሚመጣ ነው። እነዚህ ጌሞች በሰከንድ 60 ፍሬም ይጓዛሉ፤ አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። በቴከን ፈጣኑ የተለመደ ቡጢ በ10 ፍሬም ይደርሳል፤ ተጋጣሚው አጉል ምት ሰንዝሮ ለ10 ፍሬም ከተጋለጠ ቡጢው ያገኘዋል፤ አንድ ፍሬም የዘገየ ግን ያመልጠዋል። በፋይበር ገመድ ውስጥ ብርሃን የሚጓዘው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ምዕራብ አውሮፓ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ የደርሶ መልሱ ጉዞ በትንሹ 50 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም ሦስት ፍሬም ይወስዳል። እውነተኛው የገመድ መንገድ ቀጥታ ስላልሆነ መዘግየቱ ከዚህ የከፋ ነው።

ከኢቮ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶኒ ካነን ከ2006 ጀምሮ ያበለጸገው ጂጂፒኦ የተባለ ሶፍትዌር ለዚህ ብልህ መፍትሔ አምጥቷል፤ በ2019ም ለማንኛውም ሰው በነጻ ክፍት ሆኗል። ሶፍትዌሩ የተጋጣሚውን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ቀድሞ ይተነብያል፤ ትንበያው ከተሳሳተ ጨዋታውን ወደ ኋላ መልሶ ያርመዋል። ርቀቱ አጭር ሲሆን እርማቱ አይታይም። ሲረዝም ግን ገጸ ባሕሪው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲዘል ይታያል። ርቀቱ ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም ማለት ነው። በአንድ ስክሪን ፊት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች ግን ይህ ችግር የለባቸውም።

ማን እንዲሄድ ይደረጋል

እስካሁን የተነጋገርነው በሽንፈት ምክንያት ስለሚሄዱት ነው። ሳይሸነፉ እንዲሄዱ የሚደረጉም አሉ። በ2012 በቀጥታ በተላለፈ አንድ የማስተዋወቂያ ውድድር ላይ አንዲት ተወዳዳሪ ከገዛ ቡድኗ አሠልጣኝ ጾታዊ ትንኮሳ ደረሰባት፤ አድራጎቱም የዚህ ማኅበረሰብ ባህል አካል ነው በሚል መከራከሪያ ሲደገፍ ተሰማ። እሷም ውድድሩን ትታ ወጣች። በ2020 ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት በበይነመረብ ሊካሄድ የነበረው ኢቮ፣ በአመራሩ ላይ ከባድ የሥነ ምግባር ክስ በመነሣቱ ተሰረዘ። ትከሻ ለትከሻ መቆም፣ መሰዳደብና መፎከር የዚህ ጨዋታ ቅመም መሆኑን የሚክድ የለም። ሆኖም በሰባ ሰው ፊት ተሸንፎ መሳቅ የሚችለው ነገ እንደሚመለስ እርግጠኛ የሆነ ሰው ነው፤ ያ እርግጠኝነት ለሁሉም እኩል አልተሰጠም። በርካታ ውድድሮች ዛሬ የተጻፈ የሥነ ምግባር ደንብ አላቸው፤ ይህም የጌም ቤቱ ባለቤት ያከናውነው ከነበረው ሥራ ለአዘጋጁ የተረፈው ሌላው ድርሻ ነው።

በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚነግሠው የእግር ኳስ ጌም ነው። ቴከንና ሞርታል ኮምባት አልፎ አልፎ ይከፈታሉ። የተሸነፈ ይከፍላል የሚለው ሕግ፣ ተራ መያዙ፣ ከኋላ ቆሞ መምከሩ ሁሉ አስቀድሞ አለ፤ ለአንድ የአካባቢ ውድድር ከሚያስፈልገው ግማሹ በእጃችን ነው ማለት ነው። የሚጎድለው የታወቀ ቀን፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የውድድር ሰንጠረዥና ለተሰናባቾቹ የተተወ ስክሪን ነው። ቤቶቹ በጨዋታ ወይም በሰዓት ስለሚያስከፍሉ ያ ስክሪን ነጻ አይሆንም፤ አንድ ሰው መክፈል አለበት። ከላይ በተጠቀሰው የ32 ሰዎች ስሌት የሦስተኛው ደረጃ ሽልማት 320 ብር ነው። ሦስተኛ የሚወጣው ሰው ሽልማት ቢቀርበትም በሚቀጥለው ሳምንት መምጣቱ አይቀርም፤ በዚያ ገንዘብ አምስተኛውን ስክሪን እስከ ምሽቱ መጨረሻ መከራየት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን እያንዳንዱ አዘጋጅ ከሠፈሩ ቤት ባለቤት ጋር ተደራድሮ የሚያየው ይሆናል።